ከቀበሌ እስከ ወረዳ የአፈርና ውሃ ጥበቃ ድጋፍ ማግኛ፦ ለገጠር ባለይዞታዎች የተዘጋጀ ዝርዝር መመሪያ

በኢትዮጵያ ደጋማ አካባቢዎች ከሚታረሰው መሬት ላይ በየዓመቱ በአማካይ በሄክታር 42 ቶን ያህል አፈር በጎርፍ እንደሚታጠብ፣ ከ1970ዎቹ ጀምሮ የተካሄደው የአፈር ጥበቃ ምርምር ገምቷል። ይህን ለመከላከል የተዘረጋው የመንግሥት መዋቅር እስከ ቀበሌ ድረስ ይወርዳል፤ ባለሙያ፣ ቅየሳ፣ የሕዝብ ጉልበት፣ ችግኝ፣ አንዳንድ ጊዜም የጋቢዮን ሽቦ (ድንጋይ የሚሞላበት የሽቦ ሳጥን) በዚህ መዋቅር በኩል ይገኛል። ይሁን እንጂ አብዛኛው ባለይዞታ ድጋፉን የሚያስታውሰው በጥር ወር ለተፋሰስ ልማት ዘመቻ ሲጠራ ነው። በዚያን ጊዜ የትኛው ንዑስ ተፋሰስ እንደሚሠራ ተወስኗል፣ ዕቅዱም ለወረዳው ተልኳል። በጊዜ ያልጠየቀ ሰው በሌላው መሬት ላይ ጉልበቱን ሰጥቶ የራሱን ማሳ ለሚቀጥለው ዓመት ጎርፍ ትቶ ይመለሳል።

መመሪያው የተጻፈው ለባለይዞታው ራሱ፣ ወይም ከተማ ሆኖ ማመልከቻውን ለሚጽፍለት ልጁና ዘመዱ ነው። ቅደም ተከተሉ የኢትዮጵያን የእርሻ ዘመን ይከተላል፤ ክረምት ላይ ይጀምርና በሚቀጥለው መስከረም ያበቃል።

አንደኛ፦ ጎርፉን በወራጅነቱ ማየት (ሐምሌና ነሐሴ)

የአፈር መሸርሸር የሚታወቀው በጋ ላይ በቀረው ቦይ ቢመስልም፣ ትክክለኛው መረጃ የሚገኘው ዝናብ እየዘነበ ወይም ባቆመ በአንድ ሰዓት ጊዜ ውስጥ ነው። ማሳውን ከላይ እስከ ታች እየዞሩ ውሃው በየት በኩል እንደሚገባ፣ የት ላይ እንደሚሰበሰብና በየት እንደሚወጣ ይመልከቱ። በተለይ ውሃው ከራስዎ ማሳ የመነጨ ነው ወይስ ከላይ ካለው መንገድ፣ ግጦሽ መሬት ወይም ከጎረቤት ፈሰስ የመጣ ነው የሚለውን መለየት ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም የሚጠየቀው ድጋፍ ዓይነት የሚወሰነው በዚህ ነው። ከውጭ የሚመጣ ጎርፍ እያለ በማሳው ውስጥ እርከን ብቻ መሥራት፣ እርከኑ በመጀመሪያው ከባድ ዝናብ እንዲደረመስ ያደርገዋል፤ የተደረመሰ እርከን ደግሞ ውሃውን በአንድ ነጥብ ላይ አከማችቶ ስለሚለቀው እርከን ጨርሶ ካለመኖሩ የበለጠ ይጎዳል።

ያዩትን በስልክ ፎቶ ይያዙ። ጎርፉ የሚገባበትን ቦታ በእንጨት ችካል ምልክት ያድርጉበት፤ ኅዳር ላይ ባለሙያው ሲመጣ ሣሩ ደርቆ ምልክቱ ይጠፋልና።

ሁለተኛ፦ ወረቀቱን ማሟላትና ትክክለኛውን ሰው መለየት (መስከረምና ጥቅምት)

በመጀመሪያ የመሬት ይዞታ ማረጋገጫ ደብተርዎን ያውጡ። በደብተሩ ላይ ያለው ስፋትና አዋሳኝ በመሬቱ ላይ ካለው ጋር ካልተስማማ፣ ወይም ወሰኑ ከጎረቤት ጋር የሚያከራክር ከሆነ፣ በቀበሌው የመሬት አስተዳደርና አጠቃቀም ኮሚቴ በኩል ቀድሞ እልባት ማግኘት አለበት። በክርክር ላይ ባለ ወሰን እርከን የሚቀይስ ባለሙያ አይገኝም። ደብተሩ በባልና በሚስት ስም የወጣ ከሆነም ሁለቱም በጥያቄው ላይ እንዲፈርሙ ይደረግ፤ ከማሳው ላይ የተወሰነ ስፋት ለእርከን የሚሄድ በመሆኑ ውሳኔው የጋራ ነው።

የሚጠየቁት ሰዎች ሦስት ናቸው። የመጀመሪያው በቀበሌው የሚገኘው የተፈጥሮ ሀብት ልማት ባለሙያ፣ በተለምዶ ዲኤ የሚባለው ነው። በብዙ ቀበሌዎች የሰብል፣ የእንስሳትና የተፈጥሮ ሀብት ባለሙያዎች ለየብቻ የተመደቡ በመሆናቸው፣ ጥያቄው ለሰብሉ ባለሙያ ተነግሮ በዚያው የሚቀርበት አጋጣሚ ብዙ ነው። ሁለተኛው የቀበሌው ተፋሰስ ኮሚቴ ሲሆን፣ የትኛው አካባቢ በመጪው በጋ እንደሚሠራ ሐሳብ የሚያቀርበው እርሱ ነው። ሦስተኛው የወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት የተፈጥሮ ሀብት ክፍል ነው፤ የጋቢዮን ሽቦ፣ የችግኝና የሣር ግንጣይ (ከሥሩ ተገንጥሎ የሚተከል ሣር) አቅርቦት፣ እንዲሁም ቀበሌው የማይችለው የቦረቦር ሥራ የሚታየው እዚያ ነው። ቀበሌው የልማታዊ ሴፍቲኔት ተጠቃሚ ከሆነ፣ ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ የሴፍቲኔቱ የማኅበረሰብ ሥራ አብዛኛው ክፍል በአፈርና ውሃ ጥበቃ ላይ የሚውል በመሆኑ፣ የጉልበት ምንጩ ከዘመቻው በተጨማሪ ሌላ መሆኑን ማወቅ ይጠቅማል።

ሦስተኛ፦ ከላይኛው ጎረቤት ጋር መስማማት

ከመመሪያው ሁሉ ብዙ ሰው የሚዘለው ይህን ደረጃ ነው፤ በእኔ አስተያየት ግን ድጋፍ በማግኘትና ባለማግኘት መካከል ያለውን ልዩነት የሚፈጥረው እርሱ ነው። የግብርና መዋቅሩ የሚያቅደው በነጠላ ማሳ አይደለም። የማኅበረሰብ ተፋሰስ በአብዛኛው ከ200 እስከ 500 ሄክታር የሚሸፍን ሲሆን፣ ሥራው ከተፋሰሱ ራስ ተጀምሮ ወደ ታች ይወርዳል። ስለዚህ አንድ ባለይዞታ ብቻውን «ማሳዬ ታጠበ» ብሎ ቢቀርብ፣ ባለሙያው ከልቡ ቢያዝንለትም በዕቅዱ ውስጥ የሚያስገባበት ቦታ የለውም። ከላይና ከጎን ካሉ አምስትና ስድስት ባለይዞታዎች ጋር ሆኖ አንድ ተዳፋት የሚሸፍን ጥያቄ ያቀረበ ሰው ግን ራሱን የቻለ የሥራ ክፍል ይዞ መጥቷል።

ለንግግሩ የተሻለው ጊዜ ሰብል ከመሰብሰቡ በፊት፣ የክረምቱ ጉዳት በሁሉም ዓይን ላይ ሳለ ነው። የላይኛው ባለይዞታ ብዙውን ጊዜ የሚጠይቀው «እኔ ምን አገኛለሁ?» ብሎ ነው፤ ጥያቄውም ተገቢ ነው። ጎርፉ ከእርሱ ማሳ ወጥቶ የሚጎዳው ሌላውን ነውና። መልሱ ሁለት ነው፤ አንደኛ የእርሱም አፈር ማዳበሪያውን ይዞ እየወረደ መሆኑን በማሳው ጥግ ላይ ሄዶ ማሳየት፣ ሁለተኛ ደግሞ በእርከኑ ላይ የሚተከለው የከብት መኖ የእርሱ እንደሚሆን በግልጽ መስማማት። ከሁሉም በላይ መወሰን ያለበት የውሃ መውረጃው በማን ማሳ በኩል እንደሚያልፍ ነው። መውረጃ የሚሰጠው ባለይዞታ መሬት ስለሚያጣ ሌሎቹ በጉልበት ወይም በመኖ የሚያካክሱበትን ስምምነት በሽማግሌዎች ፊት በጽሑፍ ቢያደርጉ፣ ኋላ ከሚነሣ ክስ ይድናሉ።

አራተኛ፦ ጥያቄውን በጽሑፍ ማቅረብ (ጥቅምትና ኅዳር)

የቃል ጥያቄ በቂ አይደለም፤ ባለሙያው ወደ ሌላ ቀበሌ ቢዛወር ጥያቄውም አብሮት ይሄዳል። ማመልከቻው ከአንድ ገጽ ባይበልጥ ይመረጣል። ችግሩን በማማረር ከመግለጽ ይልቅ ቦታውን፣ ስፋቱን፣ የባለይዞታውን ብዛትና የሚፈለገውን ድጋፍ ለይቶ መጻፍ፣ እንዲሁም ራሳቸው አመልካቾቹ የሚያዋጡትን መግለጽ ክብደት ይሰጠዋል። እንደሚከተለው ሊጻፍ ይችላል፦

«ለ…… ወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤት። ጉዳዩ፦ የአፈርና ውሃ ጥበቃ ድጋፍ ስለመጠየቅ። እኛ ስማችንና ፊርማችን ከዚህ በታች የተዘረዘረው በ…… ቀበሌ …… ጎጥ የምንገኝ 7 ባለይዞታዎች፣ በድምሩ 4 ሄክታር የሚሆነው ተያያዥ ማሳችን ከ…… ኮረብታ በሚወርድ ጎርፍ እየተሸረሸረ ስለሆነ፣ መሬታችን በዚህ ዓመት የተፋሰስ ልማት ዕቅድ እንዲካተት፣ ቅየሳ የሚሠራ ባለሙያ እንዲመደብልንና ለእርከን ማጠናከሪያ የሚሆን የሣር ግንጣይ እንዲሰጠን እንጠይቃለን። በበኩላችን ጉልበትና የእጅ መሣሪያ የምናቀርብ፣ ከግንባታው በኋላም ማሳዎቹን ከልቅ ግጦሽ የምንጠብቅ መሆናችንን በፊርማችን እናረጋግጣለን። ከሰላምታ ጋር።»

ከዋናው በተጨማሪ አንድ ቅጂ ለቀበሌው አስተዳደር፣ አንድ ቅጂ ለተፋሰስ ኮሚቴው ይሰጥ፤ በእጅ የሚቀረው ቅጂ ላይ የመዝገብ ቤት ቁጥርና ቀን ማስመታት አይዘንጋ። በአንድ ወር ውስጥ ምላሽ ካልመጣ፣ ያንን ቁጥር ይዞ መጠየቅ ይቻላል።

አምስተኛ፦ ተዳፋቱን መለካትና ተስማሚውን ሥራ መምረጥ

ባለሙያው ከመምጣቱ በፊት ተዳፋቱን ራስዎ መለካት ይችላሉ። 10 ሜትር የሆነ ሲባጎ፣ እኩል ቁመት ያላቸውና በሳንቲ ሜትር ምልክት የተደረገባቸው ሁለት ዘንጎች፣ እንዲሁም በሲባጎው መካከል የሚንጠለጠል ትንሽ ውሃ ልክ ይበቃሉ። አንድ ሰው ከላይ፣ ሌላው በቀጥታ ቁልቁል ይቆማል፤ ሦስተኛው ሰው የውሃ ልኩ አረፋ መካከል ላይ እስኪቆም ድረስ ሲባጎው በላይኛው ዘንግ ላይ ዝቅ እንዲል ያደርጋል። በሁለቱ ዘንጎች ላይ ያለው የምልክት ልዩነት 50 ሳንቲ ሜትር ከሆነ ተዳፋቱ 5 በመቶ፣ 1 ሜትር ከሆነ 10 በመቶ ነው። በማሳው ላይ ሦስት አራት ቦታ ለክቶ አማካዩን መያዝ ይሻላል።

ይህ ቁጥር ከሕግም አንጻር ትርጉም አለው። በ1997 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 456 ከ31 እስከ 60 በመቶ ተዳፋት ባለው መሬት ላይ ዓመታዊ ሰብል እንዲለማ የፈቀደው ጠረጴዛማ እርከን ከተሠራ ብቻ ነበር፤ ከ60 በመቶ በላይ የሆነውን ደግሞ ለእርሻና ለልቅ ግጦሽ እንዳይውል ከልክሎ ለዛፍ፣ ለቋሚ ተክልና ለመኖ ልማት ተወው። አዋጁ በ2016 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1324 የተተካ ሲሆን ክልሎችም የየራሳቸው የመሬት ሕግ ስላላቸው፣ ማሳዎ ገደላማ ከሆነ የወረዳውን የመሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤት አስቀድሞ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ከ3 እስከ 15 በመቶ ለሚሆን ተዳፋት በብዛት የሚመከሩት የአፈር እርከንና ፋንያ ጁ ናቸው። በአፈር እርከን አፈሩ ከላይ ተቆፍሮ ወደ ታች ይከመራል፤ ፋንያ ጁ ግን ቦዩ ከታች ሆኖ አፈሩ ወደ ላይ ይወረወራል። የኋለኛው ጉልበት ይበልጥ ይፈልጋል፣ ነገር ግን መሬቱን ፈጥኖ ያደላድላል፤ በምዕራብ ጎጃም በአንጀኒ የምርምር ተፋሰስ የተሠሩት ፋንያ ጁዎች በዓመታት ውስጥ ወደ ጠረጴዛማ እርከንነት መቀየራቸው በሰፊው ተመዝግቧል። ድንጋይ በሚበዛበት ቦታ የድንጋይ እርከን ይቀድማል።

ዝናቡ ብዙ በሆነበት ደጋ ፍጹም ደልዳላ እርከን ውሃ አቁሮ ሰብሉን ያበሰብሳል። እዚያ እርከኑ በ10 ሜትር ርዝመት ከ5 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር ብቻ ዘንበል እንዲልና ውሃውን በሣር ወደ ተሸፈነ መውረጃ እንዲያፈስ ይደረጋል። መውረጃው ከእርከኑ አንድ ዓመት ቀድሞ ተሠርቶ ሣር መያዝ አለበት፤ በዘመቻ ጥድፊያ ሁለቱ በአንድ በጋ ሲሠሩ መውረጃው ራሱ ቦረቦር ሆኖ የቀረባቸው ቦታዎች ጥቂት አይደሉም። በመረሬ (ጥቁር የሸክላ) አፈር ላይም የተለመደውን እርከን አለመቀበል ነው፤ አፈሩ በበጋ ሲሰነጣጠቅ እርከኑ አብሮ ስለሚሰነጠቅ፣ በዚህ ዓይነት መሬት መጠየቅ ያለበት የማፋሰሻ ቦይና የሰፋፊ መደብ አሠራር ነው።

ስድስተኛ፦ ግንባታው (ጥርና የካቲት)

በእርከኖች መካከል የሚኖረው ርቀት ከተዳፋቱ ይሰላል። በሁለት እርከኖች መካከል የሚፈለገው የከፍታ ልዩነት በተዳፋቱ በመቶኛ ተካፍሎ በ100 ይባዛል። ተዳፋቱ 5 በመቶ፣ የከፍታ ልዩነቱ 1 ሜትር ቢሆን ርቀቱ 20 ሜትር ይሆናል፤ 10 በመቶ ላይ ልዩነቱ 1.5 ሜትር ቢሆን ርቀቱ 15 ሜትር ነው። በመጀመሪያው ስሌት፣ ጎንና ጎኑ 100 ሜትር በሆነ 1 ሄክታር ላይ አምስት እርከን ወይም 500 ሜትር ይወጣል። ለአፈር እርከን በአገር አቀፍ ደረጃ የሚሠራበት የሥራ ልኬት በኪሎ ሜትር 150 የሰው ቀን (አንድ የሰው ቀን አንድ ሰው በአንድ ቀን የሚሠራው ነው) በመሆኑ፣ ሄክታሩ 75 የሰው ቀን ይፈልጋል ማለት ነው። ይህን ስሌት ይዞ የሚቀርብ ቡድን ከኮሚቴው ጋር የሚነጋገረው በግምት ሳይሆን በቁጥር ነው።

እርከኑ፣ ቦዩና በመካከላቸው የሚተወው ጠርዝ በድምሩ ወደ 2 ሜትር ይወስዳሉ፤ በ20 ሜትር ርቀት ሲሠራ ከማሳው አንድ አሥረኛው ለእርከን ሄደ ማለት ነው። ይህ እውነት ከባለይዞታው መደበቅ የለበትም። ሰው ክረምት ላይ እርከን የሚያፈርሰው ከስንፍና ሳይሆን ያጣውን መሬት ለማስመለስ ነውና፣ ከመነሻው በእርከኑ ላይ ምን እንደሚተከል ካልታሰበ ሥራው ዕድሜ አይኖረውም።

በቅየሳው ቀን መገኘት ግዴታ ነው። መስመሩ በውሃ ልክ ተወስዶ በችካል ይታያል፤ አልፎ አልፎ ለበሬ መዞሪያ እንዲመች ትንሽ ማቃናት ቢቻልም፣ በዓይን ግምት የተሰመረ እርከን ግን መቀበል አይገባም። የተጠናቀቀው እርከን ከተጠቀጠቀ በኋላ ቢያንስ 60 ሳንቲ ሜትር ከፍታ፣ ከታች ከ1 እስከ 1.2 ሜትር ስፋት ይኑረው። ቦዩ 60 ሳንቲ ሜትር ስፋትና 50 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ሲኖረው፣ በደልዳላ እርከን ላይ ውሃው ወደ አንድ ወገን እንዳይሮጥ በየ3 እስከ 6 ሜትሩ ያልተቆፈረ መከልከያ ይተዋል። የዘመቻ ሥራ የሚመዘገበው በኪሎ ሜትር በመሆኑ የመጠቅጠቁ ሥራ በቀላሉ ይዘለላል። ባለይዞታው አንድ ነገር ብቻ መከታተል ቢችል መጠቅጠቁን ይከታተል።

ከማሳው ውጭ የሚመጣ ጎርፍ ካለ፣ ከሁሉም በላይ ባለው ጠርዝ ላይ የጎርፍ መቀልበሻ ቦይ ይቀድማል።

ሰባተኛ፦ ቦረቦር ያለበት ባለይዞታ

ቦረቦር በወረዳ ድጋፍ የሚሠራ ቢሆንም፣ ባለሙያውን ከመጥራት በፊት ወደ ቦረቦሩ የሚገባው ውሃ ከቦረቦሩ ላይኛ ጫፍ መቀነስ አለበት። ከዚያ ቀጥ ብሎ የቆመው ግድግዳ ዘንበል እንዲል ይደረጋል፤ ክትር፣ ማለትም ቦረቦሩን አቋርጦ የሚሠራ የውሃ ማገጃ፣ የሚሠራው በመጨረሻ ነው። በድንጋይ ብቻ የሚሠራ ክትር ከ1 እስከ 1.5 ሜትር ከፍታ ማለፍ የለበትም፤ ከዚያ በላይ ሲሆን ጋቢዮን ያስፈልጋል። ጫፎቹ ግራና ቀኝ ወደ ግድግዳው ቢያንስ ግማሽ ሜትር መግባት አለባቸው፤ መካከሉ ዝቅ ብሎ ውሃ ማሳለፊያ ይኑረው፤ ውሃው በሚወድቅበት በታችኛው በኩል ድንጋይ ይነጠፍ። መካከሉ ዝቅ ያላለ ክትር ውሃውን ወደ ጎን ስለሚገፋው ቦረቦሩን ከማጥበብ ይልቅ ያሰፋዋል። በክትሮች መካከል ያለው ርቀት ደግሞ የታችኛው ክትር ማሳለፊያ ከላይኛው ክትር እግር ጋር እኩል ከፍታ ላይ እንዲሆን ተደርጎ ይወሰናል። ቦረቦሩ በሁለት ማሳዎች ወሰን ላይ ከሆነ ጥያቄው የሁለቱንም ባለይዞታዎች ፊርማ ይዞ መቅረብ አለበት።

ስምንተኛ፦ ተክልና ግጦሽ (ከሰኔ በኋላ)

ዝናቡ አፈሩን ሲያርሰው በእርከኑ ላይ ደሾ፣ የዝሆን ሣር ወይም ቬቲቨር ይተከላል። ከብት ላለው ሰው ደሾ ይመረጣል፤ ቬቲቨር ሥሩ እጅግ ጠንካራ ቢሆንም ከብት በብዛት አይበላውም፣ ስለዚህ ለውሃ መውረጃና ለቦረቦር ጠርዝ ቢውል ይሻላል። ለዛፍ ሰስባኒያና የእርግብ አተር፣ በደጋው ትሪ ሉሰርን ለመኖ የተመሰከረላቸው ናቸው። ግንጣዩ ከቀበሌው ችግኝ ጣቢያ ወይም ከገበሬ ማሠልጠኛ ማዕከል ይገኛል፤ የሚደርሰው ግን ቀድሞ ለተመዘገበ ነው።

ልቅ ግጦሽ ካልቆመ ይህ ሁሉ ልፋት አንድ በጋ አይሻገርም። ከብት እርከኑን በኮቴው ያፈርሳል፣ ሣሩን ከሥሩ ይነቅላል። አንድ ባለይዞታ ብቻውን ማሳውን ሊያጥር አይችልምና፣ በተፋሰሱ ተጠቃሚዎች መተዳደሪያ ደንብ ላይ ሣር አጭዶ የመመገብ ግዴታና የጥሰቱ ቅጣት በገንዘብ መጠን ተጽፎ፣ በቀበሌው እንዲጸድቅ መጠየቅ የማመልከቻው ተከታይ ሥራ ነው።

ዘጠነኛ፦ ጥገናና መዝገብ

የመጀመሪያው ክረምት እንዳለፈ በመስከረም የተሸራረፈው እርከን ይታያል፤ የቀነሰው ከፍታ ከቦዩ በሚወጣ ደለል ይሞላል። የጥገናው ኃላፊነት የባለይዞታው ነው። የኮንሶ እርከኖች በ2003 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገቡት በትውልድ ቅብብሎሽ ሲጠገኑ ስለቆዩ ነው። ማሳውን ለእኩል አራሽ ወይም ለተከራይ የሚሰጥ ሰው፣ እርከኑን ማን እንደሚጠግንና ሣሩ የማን እንደሚሆን በውሉ ላይ ያስፍር፤ በቃል የተተወ እንደሆነ ሁለቱም አይጠግኑትም።

የአሲዳማ መሬት ኖራ የሚፈልግ ባለይዞታም ጥያቄውን ከእርከኑ በኋላ ቢያደርገው ይመረጣል። ኖራው የሚቀላቀለው ከላይኛው አፈር ጋር በመሆኑ፣ ያልታቀበ ተዳፋት ላይ የተበተነ ኖራ ከአፈሩ ጋር ታጥቦ ይሄዳል። መጠኑም በግምት ሳይሆን በአፈር ምርመራ ውጤት መወሰን አለበት።

መዝገብን በተመለከተ፣ የተሠራውን እርከን ርዝመት፣ የሠሩትን ሰዎች ብዛትና ቀን፣ የተተከለውን ዓይነት፣ ከሥራው በፊትና በኋላ ከተነሣው ፎቶ ጋር በአንድ ደብተር ያስቀምጡ፤ ባለሙያው በየዓመቱ እንዲፈርምበትም ይጠይቁ። መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ቢሆንም፣ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 ባለይዞታው በጉልበቱ ወይም በገንዘቡ በመሬቱ ላይ ላመጣው ቋሚ መሻሻል መብት ይሰጠዋል፤ መሬቱ ለሕዝብ ጥቅም ሲወሰድም ይኸው በካሳ ስሌት ውስጥ ይገባል። ገማች ኮሚቴ ማሳው ላይ ሲደርስ በሣር የተሸፈነ እርከን ከተፈጥሮ ጉብታ ስለማይለይ፣ ባለሙያው የፈረመበት ደብተር በዚያን ቀን ከይዞታ ማረጋገጫው ጋር አብሮ ይቅረብ።